ማፍላት የማያጠራው ውሃ

ዛሬ የምናገረው ከዚህ ከሴንት ፖል በስተምሥራቅ ስላሉት ከተሞች የመጠጥ ውሃ ነው፤ ስለ ኦክዴል፣ ስለ ውድበሪ፣ ስለ ኮቴጅ ግሮቭና ስለ ሌክ ኤልሞ። ከመካከላችሁ እዚያ ቤት የገዛችሁ አላችሁ። ያልገዛችሁትም ዘመድ ወይም ወዳጅ አይጠፋችሁም፤ በበዓል ሄዳችሁ ቡናቸውን ጠጥታችኋል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በየቤታችን ከምናውቀው ልነሳ። አብዛኞቻችን ያደግነው ውሃን በዓይናችንና በሆዳችን እየመዘንን ነው። የደፈረሰ ይጠልላል፣ የተጠረጠረ ይፈላል፣ ወረርሽኝ ሲሰማ ውሃ አጋር የሚባለው ክሎሪን ጠብ ይደረግበታል። ይህ እውቀት እውነተኛ እውቀት ነው። ታይፎይዱንም ኮሌራውንም አሜባውንም ያሳለፍነው እናቶቻችን ምድጃ ላይ በሚጥዱት ድስት ነው። አሜሪካ ከመጣን በኋላም ለሕፃን የሚሰጠውን ውሃ የምታፈላ እናት ብዙ ናት፤ ደግ አደረገች።

የዛሬው ጉዳይ ግን ለዚህ ሁሉ ጥንቃቄ አይበገርም። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ጣዕም የለው። ሕይወት ያለው ነገር ስላልሆነ እሳት አይገድለውም፤ ክሎሪን አይነካውም፤ ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት ንቅንቅ አይልም። እንዲያውም ውሃው ረዘም ላለ ጊዜ ሲፈላ የሚተነው ውሃው ነው፤ እሱ እዚያው ይቀራል። ወጥ ሲንተከተክ ቆይቶ ጨው እንደሚበዛበት ሁሉ፣ በድስቱ ውስጥ የቀረው ውሃ ከመጀመሪያው ይልቅ ብክለቱ የጠና ይሆናል።

ስሙ ፒፋስ ይባላል። አንድ ነገር አይደለም፤ ፋብሪካ የፈጠራቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎች የጋራ መጠሪያ ነው። የሚያመሳስላቸው ካርቦንና ፍሎሪን የተባሉት ንጥረ ነገሮች በውስጣቸው የተያያዙበት ማሰሪያ ነው። በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ውስጥ ከሚታወቁት ነጠላ ማሰሪያዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ጠንካራ የለም። ለዚህ ነው ውሃም ዘይትም የማያርሳቸው፣ ሙቀት የማይበግራቸው። የማይጣበቅ መጥበሻ፣ ዝናብ የማያስገባ ካፖርት፣ ቆሻሻ የማይዝ ምንጣፍ፣ ዘይት የማያሳልፍ የምግብ መጠቅለያ፣ የነዳጅ እሳት የሚያጠፋ አረፋ፤ ይህ ሁሉ የተሠራው በእነሱ ነው። ጠቃሚ ያደረጋቸው ጥንካሬ ራሱ ነው ጎጂ ያደረጋቸው። አፈር ውስጥ ባክቴሪያ አይበላቸውም፣ በሰውነታችን ውስጥም ጉበት አይሰባብራቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ግራ መጋባት ላጥራ፤ በተደጋጋሚ ስለሚያጋጥመኝ ነው። ከናዝሬት፣ ከወንጂ፣ ከመተሐራ ወይም ከዝዋይ አካባቢ የመጣችሁ ስለ ፍሎራይድ ታውቃላችሁ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ጥርሳቸው የበለዘ፣ አጥንታቸው የጎበጠ ሰዎች አይታችኋል። ያ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሟሟ የተፈጥሮ ማዕድን ነው፤ ጉዳት የሚያደርሰውም በሊትር በሚሊግራም ሲቆጠር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የፍሎራይድ መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ፒፋስ ሌላ ነው። የሚለካውም በናኖግራም ነው፤ አንድ ናኖግራም በሊትር ማለት 1 ግራም በ1 ቢሊዮን ሊትር ውሃ ውስጥ ማለት ነው። የከተማ አስተዳደሮች ለጥርስ ብለው ውሃ ውስጥ የሚጨምሩት ፍሎራይድና ይህ ነገር አይገናኙም።

አሁን ወደ ታሪኩ። በ1938 ሮይ ፕላንኬት የተባለ የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት ኒው ጀርሲ ውስጥ በማቀዝቀዣ ጋዝ ላይ ሲሠራ፣ በጋዝ ሲሊንደር ውስጥ ያልጠበቀውን ነጭ ዱቄት አገኘ፤ በኋላ ቴፍሎን የተባለው እሱ ነው። በ1940ዎቹ ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አጠገባችን ሜፕልውድ የሆነው ስሪኤም እነዚህን ኬሚካሎች በብዛት የማምረቻ ዘዴ በእጁ አስገባ። በ1951 ፒፎአ የተባለውን ዓይነት ለዱፖንት መሸጥ ጀመረ፤ ዱፖንት ለቴፍሎን ማምረቻ የሚጠቀምበት ነው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ስኮችጋርድ ገበያ ላይ ዋለ፤ እሱ ከፒፎስ ጋር የተያያዘ ነው። ፒፎአና ፒፎስ፤ እነዚህን ሁለት ስሞች ያዙልኝ።

ምርቱ በሚሲሲፒ ዳር በኮቴጅ ግሮቭ ፋብሪካ ይካሄድ ነበር። ዝቃጩስ የት ሄደ? ከ1956 እስከ 1960 ኦክዴል ወዳለ ቦታ ተወሰደ። ከ1960 እስከ 1966 ውድበሪ ተቀበረ። ከ1969 እስከ 1975 ደግሞ ሌክ ኤልሞ ወደሚገኘው የዋሽንግተን ካውንቲ ቆሻሻ መጣያ ገባ። ስሪኤም ያን ጊዜ አሠራሩ ሕጋዊ ነበር ብሎ ይከራከራል። በዚያ አካባቢ ከመሬት በታች ያለው የተሰነጣጠቀ አለትና አሸዋ ድንጋይ ነው፤ ውሃ እንደ ልቡ ይመላለስበታል። የከተሞቹ ጉድጓዶች የሚጠጡትም ከዚያው ነው። በዚያ ላይ በ1980ዎቹ ለጎርፍ መከላከያ ተብሎ የተሠራ የቦይና የቱቦ መስመር የተበከለውን ውሃ ከኦክዴልና ከቆሻሻ መጣያው አካባቢ እየሰበሰበ በሌክ ኤልሞ በኩል እስከ ሴንት ክሮይ ወንዝ አደረሰው። ዛሬ የተበከለው የከርሰ ምድር ውሃ ከ150 ስኩዌር ማይል በላይ ይሸፍናል። ከ140 ሺህ በላይ ሕዝብ የሚጠጣበት ውሃ ነው።

ይህን ሳስብ የሚያንገበግበኝ መቅበራቸው ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ ብዙ ፋብሪካ ብዙ ነገር ቀብሯል። የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁትም እሱን ነው። አለማወቃችን እንዲያው የመጣ አለማወቅ አልነበረም። የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

በ1975 ዶናልድ ቴቭስና ዋረን ጋይ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከደም ባንክ የተወሰደ የተራ ሰው ደም ሲመረምሩ፣ ከካርቦን ጋር የተያያዘ ፍሎሪን አገኙ። ከተፈጥሮ የሚመጣ ስላልመሰላቸው፣ ከፋብሪካ ምርቶች የመጣ ይሆን ብለው በነሐሴ ወር ስሪኤምን ደውለው ጠየቁ። ድርጅቱ መልሱን አላውቅም አለ። በውስጡ ግን ምርመራው ቀጠለ፤ በቀጣዩ ዓመት የራሱን ሠራተኞች ደም ሲመረምር ኬሚካሉ በከፍተኛ መጠን ተገኘ። በ1978 በተካሄደ የመርዛማነት ሙከራ ከፍተኛ መጠን የተሰጣቸው ጦጣዎች ሞቱ። ክሪስ ሃንሰን የተባለች የድርጅቱ ኬሚስት በ1997 ከደም ባንክ የተገዛ ደም ስትመረምር፣ ፒፎስ የሌለበት ደም ማግኘት አቃታት። በ1998 ድርጅቱ ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አሳወቀ። በግንቦት 2000 እነዚህን ኬሚካሎች ማምረት እንደሚያቆም ተናገረ። በኦክዴል ጉድጓዶች ውስጥ ፒፋስ መኖሩ የታወቀው በ2004 ነው።

ከ1975 እስከ 2004 ሃያ ዘጠኝ ዓመት ነው። በእነዚያ ዓመታት እነዚያ ከተሞች አደጉ፤ ሜዳው ቤት ሆነ። ልጆች ተወለዱ፣ ጡት ጠቡ፣ ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያው ዘመን ከሱዳን መጠለያ ጣቢያ፣ ከኬንያ፣ ከአዲስ አበባ በስደተኝነት እዚህ የደረሱ ወገኖቻችን ሁለት ሦስት ሥራ እየሠሩ ለቤት ገንዘብ ያጠራቅሙ ነበር። ቤት ሲገዙ ስለ ጣሪያው ጠየቁ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቁ። ስለ ውሃው የሚጠይቁበት ምክንያት አልነበራቸውም፤ ጥርት ብሎ ይወርዳላ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባላል።

የድርጅቱን ውስጣዊ ሰነድ ዛሬ የምናውቀው በክስ ምክንያት ነው። የሚኒሶታ ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ሎሪ ስዋንሰን በታኅሣሥ 2010 ስሪኤምን ከሰሱ። ችሎቱ ሊጀመር በተቀጠረበት ዕለት፣ በየካቲት 20 ቀን 2018፣ ድርጅቱ 850 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የሕግ ወጪው ተቀንሶ ወደ 720 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመጠጥ ውሃና ለተፈጥሮ ሀብት ጥገና ቀረ። ድርጅቱ ጥፋተኛ ነኝ አላለም። ሰነዶቹ ግን በዐቃቤ ሕጉ መሥሪያ ቤት በኩል ለሕዝብ ይፋ ሆኑ። ለእኔ ከገንዘቡ እኩል የሚመዝነው ይህ ነው። በ2023 ደግሞ በመላው አሜሪካ ያሉ የውሃ አገልግሎቶች ባቀረቡት ክስ ስሪኤም 10.3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ክፍያው በዓመታት ተከፋፍሎ የሚፈጸም ነው።

አሁን ስለ ቁጥሮች ልንገራችሁ፤ እባካችሁ እዚህ ላይ ታገሡኝ። የሚኒሶታ ጤና መምሪያ በ2002 ለፒፎአ ያወጣው የጤና መመዘኛ በሊትር 7,000 ናኖግራም ነበር። በ2007 ወደ 500 አወረደው። በ2017 ወደ 35። በጥር 2024 ወደ 0.0079። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሰባት ሺህ ተነስቶ ከአንድ መቶኛ ናኖግራም በታች ወረደ። የመጨረሻው ቁጥር በላቦራቶሪ መሣሪያ ሊለካ ከሚችለው እጅግ ያነሰ ነው፤ በተግባር ሲተረጎም ጤናን ብቻ ካየን ምንም ባይኖር ይመረጣል ማለት ነው። መመዘኛው ምክር እንጂ ሕግ አይደለም። በሕግ የሚያስገድደው የፌዴራሉ ነው፤ በሚያዝያ 2024 ለፒፎአም ለፒፎስም በሊትር 4 ናኖግራም ተብሎ ተወሰነ። ከዚያ በፊት ምክር ብቻ ነበር፤ በ2016 የወጣው ምክርም ለሁለቱ ተደምሮ 70 ይል ነበር። ከተሞች ሕጉን እንዲያሟሉ የተሰጣቸው ጊዜ እስከ 2029 ሲሆን፣ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በግንቦት 2025 ወደ 2031 ለመግፋት፣ ለሌሎች የፒፋስ ዓይነቶች የወጡትን ገደቦችም ለመሻር እንዳሰበ አስታውቋል። በበኩሌ ይህ መዘግየት ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

ቁጥሩ እንዲህ ሲወርድ ያየ ሰው፣ «ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው አያውቁም፤ ዛሬ አንድ ነገር ነገ ሌላ ይላሉ» ማለት ይቀናዋል። አዝማሚያውን እረዳለሁ፤ ግን አልስማማም። ቁጥሩ የወረደው እውቀት እየጨመረ ስለሄደ ነው፤ እውቀቱ የዘገየውም ኬሚካሉ መጀመሪያ ተሸጦ ምርመራው በኋላ ስለመጣ ነው። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። አምራቹ «አይጎዳም» ብሎ ማስረዳት ሲገባው፣ የሚጠጣው ሰው «ጎዳኝ» ብሎ እንዲያስረዳ ተደረገ። ይህ ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ የማይቻል ነገር ነው።

ለምን እንደማይቻል ላስረዳ። በምዕራብ ቨርጂኒያ ፓርከርስበርግ አካባቢ የዱፖንት ፋብሪካ ፒፎአን ወደ ወንዝና ወደ አየር ይለቅ ነበር። ሮበርት ቢሎት የተባለው ጠበቃ በመራው ክስ የተነሳ 69 ሺህ ያህል ሰዎች ደማቸውን ሰጥተው ተመረመሩ፤ በሁለቱም ወገን ስምምነት የተመረጡ ሦስት ሳይንቲስቶች ውጤቱን ለዓመታት አጠኑ። በ2012 ሥራቸውን ሲጨርሱ ፒፎአ ከስድስት ሕመሞች ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ወሰኑ፤ እነሱም የኩላሊት ካንሰር፣ የወንድ ዘር ፍሬ ካንሰር፣ የታይሮይድ ዕጢ ሕመም፣ የትልቁ አንጀት ቁስለት፣ ከፍ ያለ ኮሌስትሮልና የእርግዝና ደም ግፊት ናቸው። በ2023 መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፒፎአን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ መደበው፤ ፒፎስን ደግሞ ሊያመጡ ይችላሉ ከተባሉት ጋር። በልጆች ላይ የተካሄዱ ጥናቶችም ፒፋስ በደማቸው ከፍ ያለባቸው ልጆች ለክትባት የሚሰጡት ምላሽ ደከም እንደሚል አሳይተዋል።

ይህን ሁሉ ለማወቅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ደም አስፈልጓል። አንዲት እናት በኦክዴል ልጇ ቢታመም፣ ሐኪሙ የልጁን ሕመም ያመጣው ይህ ውሃ ነው ወይም አይደለም ሊላት አይችልም። ከእናንተ የታመመ ካለም ሕመሙን ከዚህ ጋር አያይዛችሁ እንድትጨነቁ አልፈልግም። አደጋው በሕዝብ ደረጃ ይታያል፤ በአንድ ሰው ላይ መፍረድ ግን አይቻልም።

ስለ ኦክዴል በተለይ የሚታወቅ ነገር አለ፤ ልብ የሚያሳዝንም ልብ የሚያሳርፍም ነው። ከተማዋ በ2006 የከሰል ማጣሪያ ያለው የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ አስገነባች፤ ወጪውን ስሪኤም ሸፈነ። በ2020 የታተመ ጥናት ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የተወለዱትን የኦክዴል ሕፃናት ከአጎራባች ከተሞች ሕፃናት ጋር አነጻጸረ። ማጣሪያው ከመሠራቱ በፊት በኦክዴል ክብደታቸው ዝቅ ብሎ ወይም ያለጊዜያቸው የሚወለዱት ሕፃናት በርከት ይሉ ነበር። ከማጣሪያው በኋላ ልዩነቱ ጠበበ። የጤና መምሪያውም በ2008 ከኦክዴል፣ ከሌክ ኤልሞና ከኮቴጅ ግሮቭ የ196 ጎልማሶችን ደም መርምሮ ነበር፤ ከአገሪቱ አማካይ ከፍ ያለ ፒፋስ አገኘ። በ2014 እንደገና ሲመረምራቸው ፒፎአና ፒፎስ ከግማሽ በላይ ቀንሰዋል። ሰውነት ፒፎአን በግማሽ ለመቀነስ ከ2 እስከ 4 ዓመት ይፈጅበታል፤ ኩላሊት ሊያወጣው ሲል መልሶ ይሰበስበዋልና። ያም ሆኖ ምንጩ ከተዘጋ ይወጣል። ወገኖቼ፣ የመጣሁት ላስፈራራችሁ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ማጣሪያ ይሠራል።

ታዲያ የትኛው ቤት ምን ያድርግ? በሴንት ፖልና በሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ የምትኖሩ፣ የቧንቧ ውሃችሁ የሚቀዳው ከሚሲሲፒ ወንዝ ሆኖ ከኮቴጅ ግሮቩ ፋብሪካ በላይ ካለ ቦታ ነው፤ የዛሬው ጉዳይ በዋነኛነት የእናንተ አይደለም። በምሥራቁ ያላችሁ ግን ከጉድጓድ ነው የምትጠጡት። ኮቴጅ ግሮቭ በ2017 አዲሱ መመዘኛ ሲወጣ ከ11 ጉድጓዶቿ 8ቱ አላለፉም፤ ሣር ማጠጣት ተከልክሎ ጊዜያዊ ማጣሪያ በጥድፊያ ተተከለ። ውድበሪም ጊዜያዊ ማጣሪያ አቁማ ቋሚውን እየገነባች ነው። ግንባታው እስኪያልቅ የትኛው ጉድጓድ መቼ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ከተማው ያውቃል፤ የማወቅ መብቱ የእናንተም ነው።

በየዓመቱ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ድረስ የውሃ አገልግሎቱ ስለ ውሃችሁ ጥራት ሪፖርት የማድረስ ግዴታ አለበት። በፖስታ ይመጣል፣ ወይም በድረ ገጽ ይለጠፋል። በእንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ተጠቅልሎ ቆሻሻ ቅርጫት ይገባል። አትጣሉት። ፒፎአና ፒፎስ የሚሉትን መስመሮች ፈልጉ፣ ከ4 ጋር አስተያዩ። ልጆቻችሁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሰው በኬሚስትሪ ኤ ያመጣሉ፤ አስነብቧቸው። የጤና መምሪያው ደግሞ የእያንዳንዱን ከተማ የፒፋስ ምርመራ ውጤት በካርታ የሚያሳይ ገጽ ለሕዝብ ከፍቷል።

ማጣሪያ መግዛት ካስፈለገ ሁለት ዓይነት ይሠራል። አንዱ በተለምዶ አርኦ የሚባለው ከማጠቢያ ገንዳው በታች የሚገጠም ነው፤ ውሃውን በግፊት በጣም ቀጭን ስስ ሽፋን ውስጥ ያሳልፈዋል። ሌላው የከሰል ማጣሪያ ነው። ከሰሉ ሲጠግብ መያዙን ያቆማል፤ ጊዜውን ጠብቆ ያልተቀየረ ማጣሪያ ካለመኖሩ ብዙ አይሻልም። ሳጥኑ ላይ ፒፋስ እንደሚቀንስ በገለልተኛ ተቋም የተመሰከረለት መሆኑን አረጋግጡ፤ ጣዕም ያሻሽላል የሚል ብቻ ከሆነ ተዉት። የሚጣራው የሚጠጣውና የሚበሰልበት ውሃ ነው፤ ለሻይ፣ ለጀበና፣ ለሽሮ፣ ለሊጥ። ገላ ለመታጠብና ልብስ ለማጠብ አትጨነቁ፤ በቆዳ የሚገባው እምብዛም ነው።

ከሁሉ በፊት ሕፃናቱ። በዱቄት ወተት የሚያድግ ሕፃን ከክብደቱ አንጻር ከሁላችንም በላይ ውሃ ይጠጣል። በዚያ አካባቢ ከሆናችሁ ዱቄቱ የሚበጠበጠው በተጣራ ውሃ ይሁን፤ አፍልታችሁት ብቻ እንዳታምኑት። ነፍሰ ጡሮችም እንዲሁ። ፒፋስ በእናት ጡት በኩል ወደ ሕፃኑ ይተላለፋል፤ እውነት ነው። ሆኖም የጤና መምሪያውም ሆነ የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ጡት ማጥባትን ይመክራሉ፤ ጥቅሙ ይበልጣልና። ይህን ወሬ ሰምታ ጡት የምታስጥል እናት እንዳትኖር አደራ።

ከእናንተ ብዙ ሴቶች ስለ ምጣድ ትጠይቁኛላችሁ። አገር ቤት የሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር ይሟሻል፣ በማሰሻ ይታሰሳል፤ እንጀራው ሳይጣበቅ ይነሳል። እዚህ ብዙዎቻችን የምንጋግረው የኖርዌይ ዝርያ ያላቸው ሚኒሶታውያን ለፍሴ የሚሉትን ቂጣቸውን በሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ከነዚህ ውስጥ የማይጣበቅ ሽፋን ያላቸው አሉ። የቴፍሎኑ ሽፋን ራሱ ቢዋጥ በብዛት ሳይለወጥ ያልፋል፤ ትልቁ መዘዝ ያለው በፋብሪካው ደጅና በቆሻሻ መጣያው ነው። ቢሆንም ሽፋኑ የተላጠ ምጣድ ካለ ይቀየር፤ ባዶውንም ከልክ በላይ አታግሉት። ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ሆን ተብሎ ፒፋስ የተጨመረበት የምግብ ማብሰያ፣ ምንጣፍ፣ መዋቢያ፣ የሕፃናት ዕቃና ሌላም በሚኒሶታ እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ይህ ሕግ የተሰየመው በዚሁ በምሥራቁ አካባቢ ባደገች አንዲት ልጅ ስም ነው። በጉበት ካንሰር ታማ እየተሠቃየች፣ በካፒቶል ለሕግ አውጪዎች ቀርባ መሰከረች። በሚያዝያ 2023፣ ሃያ አንደኛ ልደቷ ሁለት ቀን ሲቀረው አረፈች። ሕጉ በቀጣዩ ወር ተፈረመ። ሕመሟን ያመጣው ውሃው ነው ብሎ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ይህን ቀደም ብዬ ብያለሁ። እሷ የጠየቀችው ግን ከእሷ በኋላ የሚመጣ ልጅ ይህን ጥያቄ ይዞ እንዳይቀር ነበር።

ይህ የማስረዳት ሸክም ጉዳይ በሌላ አገር እንዴት እንደተፈረደ ልጨምር። በስዊድን ሮኔቢ አካባቢ፣ ካሊንጌ በተባለች ከተማ፣ ከወታደራዊ አየር ማረፊያ የወጣ የእሳት ማጥፊያ አረፋ የመጠጥ ውሃውን በክሎ ነበር፤ በታኅሣሥ 2013 የውሃ ጣቢያው ተዘጋ። ነዋሪዎቹ የውሃ አቅራቢውን ከሰሱ። ተከሳሹ «አልታመማችሁም፤ ታዲያ ምን ጉዳት አለ» አለ። የስዊድን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2023 ሲወስን፣ በደማቸው ውስጥ የገባው ከፍተኛ መጠን ራሱ የአካል ጉዳት ነው አለ። እስኪታመሙ መጠበቅ የለባቸውም ማለት ነው። ሸክሙ ወደሚገባው ትከሻ ሲመለስ ያየሁበት ፍርድ ይህ ነው።

ኢትዮጵያስ? ፒፎስን በ2009፣ ፒፎአን በ2019 የከለከለና የገደበ የስቶክሆልም ስምምነት የሚባል ዓለም አቀፍ ውል አለ፤ አገራችን አባል ናት። በ2016 የታተመ ጥናት የጣናን ውሃ፣ ደለልና ዓሣ መርምሮ ፒፋስ አግኝቷል፤ መጠኑ ዝቅተኛ ነው፣ ዓሣውን መብላትም አያሰጋም። ጣና ዳር እንዲህ ያለ ፋብሪካ የለም፤ ግን ደረሰ። አገር ቤት የአየር ማረፊያ ወይም የነዳጅ ዴፖ የእሳት አደጋ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ዘመዶች ካሏችሁ፣ በመጋዘን ያለው አረፋ ከምን እንደተሠራ ይጠይቁ፤ ለልምምድ ሜዳ ላይ ከመርጨታቸው በፊት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ የግል ጉድጓድ ስላላችሁ። ሌክ ኤልሞ፣ አፍተን፣ ዌስት ሌክላንድ በመሳሰሉት ሰፋ ያለ ግቢ ገዝታችሁ ከራሳችሁ ጉድጓድ የምትጠጡ ከሆነ የከተማው ሪፖርት እናንተን አይመለከትም። ማንም በየዓመቱ አይመረምርላችሁም። ብክለቱ በደረሰበት አካባቢ የሚኒሶታ ክልል መንግሥት የግል ጉድጓዶችን በነፃ ይመረምራል፤ ከመመዘኛው ካለፈም ማጣሪያ ይገጥማል፣ ይቀይራልም። ለዚህ የተመደበው ገንዘብ ከ2018ቱ ስምምነት የተገኘ ነው፤ የእናንተ ገንዘብ ነው። የጤና መምሪያው በስልክ አስተርጓሚ ያቀርባል፣ አማርኛ ብላችሁ ጠይቁ። በየከተማው ምክር ቤት ስለ ማጣሪያው ግንባታና ስለ ውሃ ክፍያው ጭማሪ በግልጽ ስብሰባ ይመከራል፤ ማንኛውም ነዋሪ ተመዝግቦ ሦስት ደቂቃ ያህል መናገር ይችላል። በዚያ ወንበር ላይ እስካሁን ከእኛ ሰው አላየሁም። ማስታወቂያው በአማርኛ እንዲወጣ የሚጠይቅ አንድ ሰው ከዚህ አዳራሽ ቢነሳ፣ ደብዳቤውን አብሬው እጽፋለሁ፤ በስብሰባውም ዕለት አጠገቡ እቀመጣለሁ። ስማችሁን የምትጽፉበት ወረቀት በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ፤ ሕፃን ይዘው ከመጡት እንጀምር።